መርፌው ወደ እርስዎ ይዙር፦ ለኩዊልት የስፌት መኪናን ስለማዞር አንባቢያን ጠየቁ

የዚህ እትም ጥያቄዎች የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ትልቅ ኩዊልት በቤት ውስጥ ስፌት መኪና ላይ በፍሪ ሞሽን ሲሰፋ በሚመጣው ጣጣ። ለአዲስ አንባቢ፣ ኩዊልት ማለት ከላይ ጨርቅ፣ በመሃል ስስ የጥጥ ንጣፍ፣ ከሥር ገበር ያለው ባለ ሦስት ድርብ ብርድ ልብስ ነው። ፍሪ ሞሽን ደግሞ ጨርቁን የሚገፉት የመኪናው ጥርሶች ወርደው፣ ሰፊዋ ራሷ በሁለት እጇ ጨርቁን ወደፈለገችበት እያንቀሳቀሰች በመርፌው እንደ እርሳስ የምትስልበት አሰፋፍ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለልጅ ልጄ ኩዊልት እየሰፋሁ ነው፤ ወርዱ 180፣ ቁመቱ 230 ሴንቲ ሜትር ነው። መኪናዬ ተራ የቤት መኪና ነው። ዳር ዳሩን ስሰፋ ደህና ነው፤ ወደ መሃል ስገባ ግን ጥቅሉ ከመኪናው ክንድ ሥር ይወጠርና እጄ መንቀሳቀሻ ያጣል። ማታ ቀኝ ትከሻዬ አላስተኛ ይለኛል። አንዲት ጎረቤቴ «መኪናውን ወደ ጎን አዙረሽ ስፊ» አለችኝ። ይሠራል? እንዴትስ ነው የሚደረገው?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ይሠራል፤ ግን ከማዞርዎ በፊት ምን እንደሚያገኙበት በትክክል ይወቁት። መኪናን ማዞር ቦታ አይጨምርም። ከመርፌው እስከ መኪናው ቋሚ ድረስ ያለውን ክፍተት በዚህ ዓምድ «ብብት» እንበለው፤ በተራ የቤት መኪና ብብቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ነው። የእርስዎ ኩዊልት ወርዱ 180 ስለሆነ መሃል መሃሉን ሲሰፉ 90 ሴንቲ ሜትሩ ብብቱ ውስጥ መግባት አለበት። ጥብቅ አድርገው ቢጠቀልሉት 7 ሴንቲ ሜትር፣ እንደ ወትሮው ላላ ካለ 9 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ጥቅል ይሆናል። ብብቱ 17 ከሆነ ለእጅዎና ለስፌቱ የሚቀረው 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። መኪናው ወዴትም ቢዞር ይህ ቁጥር አይለወጥም።

የሚለወጠው ጥበቱ ያለበት አቅጣጫ ነው። በተለመደው አቀማመጥ ጥበቱ በቀኝዎ ነው፤ ቀኝ እጅዎ ከጥቅሉ ጋር እየተጋፋ ይሠራል፣ ክርንዎ ወደ ላይ ይነሳል፣ ትከሻዎን የሚያመውም ይህ ነው። መኪናው ሲዞር ጥቅሉ ከመርፌው ወዲያ በአግድም ይተኛል፤ ሁለቱ እጆችዎ ግን ከመርፌው ግራና ቀኝ እኩል ተዘርግተው ይሠራሉ። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጠረጴዛው እስከቻለ ድረስ ይሄዳሉ፤ የሚገደቡት ወደፊትና ወደኋላ ሲሉ ነው። ባለሙያዎች የሚሠሩበት ሎንግ አርም መኪናም አቀማመጡ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የእሱ ብብት ብዙ ጊዜ 45 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር በረድፍ የሚሄድ ንድፍ፣ ለምሳሌ ሞገድ፣ የተያያዙ ክቦች ወይም ሐረግ የሚሰፉ ከሆነ ያለ ማመንታት ያዙሩት። በየካሬው የተለያየ አበባ የሚሰፉ ከሆነ ግን ጥቅሙ ያን ያህል አይደለም፤ እንዲያውም ትልቅ ክብ ሲሰፉ የክቡ ወዲያኛው ጠርዝ ላይ ጥቅሉ ከቋሚው ጋር ይጋጫል።

አዟዟሩ እንዲህ ነው። መኪናውን ከላይ ሲያዩት ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ ያዙሩት። በግራዎ የነበረው የመርፌው ጫፍ ወደ ሆድዎ ይመጣል፤ በእጅ የሚዞረው ጎማ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ይሄዳል። ያኔ ቁልፎቹና ክሩ የሚወርድበት መንገድ በቀኝዎ ይሆናሉ፤ የእግር ማንሻው፣ ማለትም ጨርቁን ከላይ የሚይዘውን የመኪናውን እግር ከፍና ዝቅ የሚያደርገው፣ ከኋላ የነበረ ከሆነ ወደ ግራዎ ይመጣል። ከመርፌው እስከ ጠረጴዛው ጠርዝ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ወለል ይተዉ፤ ክንድዎ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ከዚህ ጋር ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጠረጴዛ ይበቃዎታል። አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ጥቅምም አለው፦ ከቋሚው ወዲያ የሚያልፍ ጨርቅ ስለሌለ ጠረጴዛውን ከግድግዳ አስጠግቶ መሥራት ይቻላል። በተለመደው አቀማመጥ ግን ኩዊልቱ ከኋላ ስለሚወርድ ጠረጴዛውን ከግድግዳ ማራቅ ግድ ነው። ለመብራቱና ለፔዳሉ ገመድ ብቻ በመኪናውና በግድግዳው መካከል አንድ እጅ የሚያስገባ ቦታ ይተዉ። በአብዛኛው መኪና ገመዱ የሚሰካው በጎማው በኩል ነው፤ መኪናውን ከማዞርዎ በፊት ፔዳሉ ከእግርዎ መድረሱን ይለኩ።

ሁለት ነገር ያስቸግርዎታል። የመጀመሪያው እይታ ነው። የመኪናው ራስ በዓይንዎና በመርፌው መካከል ይገባል፤ ራሱ ወፍራም በሆነ መኪና ላይ መርፌውን ለማየት አንገት ማጣመም ይመጣል። ሙሉ 90 ዲግሪ ከማዞር 60 ወይም 70 ላይ ማቆም ይሻላል፤ ራሱ ትንሽ ገለል ይልና መርፌው ይታይዎታል። አንዲት ትንሽ መብራትም በግራ በኩል ያቁሙ። ሁለተኛው ጎማው መራቁ ነው። መርፌን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ ያለው መኪና ላይ ችግር የለውም። ቁልፉ ከሌለ ግን በየመነሻውና በየመድረሻው ተንጠራርቶ ጎማ ማዞር ሊመጣ ነው፤ እንዲህ ከሆነ 45 ዲግሪ ላይ ያቁሙት። የግማሹ ዙር ጥቅም ግማሽ ቢሆንም ትከሻን ያሳርፋል።

የትከሻው ነገር ግን በማዞር ብቻ አይድንም። የምግብ ጠረጴዛ ብዙውን ጊዜ ወደ 75 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው፤ የመኪናው ወለል 7 ሴንቲ ሜትር ሲጨመርበት 82 ይደርሳል። ይህ ለብዙ ሰው ከክርን በላይ ነው። ክርንዎ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ የእጅዎ መዳፍ ከመኪናው ወለል እኩል እስኪሆን ወንበሩን ከፍ ያድርጉ። እግርዎ ከመሬት ከተነሳ ከሥሩ ጠንካራ ሳጥን ወይም ጣውላ ያስገቡ፤ ፔዳሉም አብሮ እዚያው ላይ ይቀመጥ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ክብደቱን ያስቡ። የእርስዎ ኩዊልት ከነጥጡ ሁለት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከጠረጴዛው ጠርዝ አንድ ክንድ ያህል ሲንጠለጠል መርፌው ሥር ያለውን ጨርቅ ይጎትተዋል። ሰፍተው ሲጨርሱ ገልብጠው ይዩት፦ ወደተንጠለጠለበት በኩል የሄደው መስመር ስፌቱ ረዝሞ የላላ ነው፤ ሲመለስ ያለው አጭርና የታመቀ ነው። እጅዎ ሳይሆን የተንጠለጠለው ጨርቅ ነው የሰፋው። በተዞረ መኪና ጨርቁ የሚወርደው በግራና በቀኝ እንዲሁም በጭንዎ ላይ ስለሆነ፣ በግራ የካውያ ጠረጴዛ በመኪናው ጠረጴዛ ልክ ከፍ አድርገው ያቁሙ፤ በቀኝ ወንበር ላይ ትራስ ደርበው ያስጠጉ። በጭንዎ ያለውን ወደ ታች አይልቀቁት፤ ደረትዎ ላይ ሰብስበው ይያዙት። ጥቅሉንም ቢሆን እንደ ምንጣፍ አጥብቀው አይጠቅልሉት፤ ጥብቅ ጥቅል እንደ ግንድ ደርቆ አልታጠፍም ይላል። ብብቱ ውስጥ የሚገባውን ብቻ ጠቅልለው የቀረውን እንደ እጥፍጥፍ ጋቢ ዝም ብለው ይቆልሉት። በአንድ ጊዜ መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ጨርቁ ላላ ብሎ ከተኛ በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ኪራይ ቤት ነው የምኖረው። ጠረጴዛ ቀድጄ መኪናውን ማስመጥ አልችልም፤ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ደግሞ ጨርቁ ከመኪናው ዳር በወረደ ቁጥር ይያዛል። በርካሽ ምን ላድርግ?
ከፍራንክፈርት

መልስ፦ የመኪናው ወለልና በዙሪያው ያለው ጠረጴዛ እኩል ካልሆኑ መኪናውን ማዞር ራሱ ትርጉም የለውም፤ ስለዚህ ከዚህ መጀመርዎ ልክ ነው። ከተዞረ በኋላ ደግሞ ይብሳል፤ ከመርፌው እስከ መኪናው ጫፍ ያለው ወለል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነውና እጅዎ ከገደል አፋፍ ላይ ይሠራል።

ለቤት ግድግዳ ሙቀት መያዣ የሚሸጠውን ኤክስፒኤስ የተባለ ጠንካራ ፎም ሰሌዳ ይግዙ። ነጩና እንደ ፈንዲሻ የሚበታተነው ሳይሆን ባለቀለሙና ጥቅጥቅ ያለው ነው። መጀመሪያ ከጠረጴዛው እስከ መኪናው ወለል ያለውን ከፍታ በማስመሪያ ይለኩ፤ ለምሳሌ 7 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የ5 እና የ2 ሴንቲ ሜትር ሰሌዳ ይደርባሉ። መኪናውን ካርቶን ላይ አቁመው ዙሪያውን በእርሳስ ይሳሉ፣ ካርቶኑን ቆርጠው ይሞክሩ፣ ልክ ሲሆን ብቻ ፎሙን በስለታም ቢላ ይቁረጡ። ቢላውን አንዴ ሳይሆን ሦስት አራት ጊዜ በስሱ ያሳልፉት፤ በአንድ ጊዜ ከተጫኑት ፎሙ ይሸረፋል።

ቦቢኑ፣ ማለትም የሥሩ ክር የተጠቀለለበት ትንሽ ማጠንጠኛ፣ ከፊት በኩል በበር የሚገባ መኪና ከሆነ፣ ከተዞረ በኋላ ያ በር በቀኝዎ ይሆናል። በዚያ ቦታ ያለውን ፎም በ15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ለብቻ ቆርጠው እንደ ክዳን ይተዉት፤ ቦቢን በተለወጠ ቁጥር ያንን ቁራጭ ብቻ ያነሳሉ። የሞተሩ መተንፈሻ ቀዳዳ ካለም አይድፈኑት።

ፎሙ ጨርቅ ስለሚይዝ እንዲሁ አይሰፋበትም። የገበታ ሙሻማ ለስላሳውን ፊት ወደ ላይ አድርገው ወጥረው ያልብሱት፤ ጠርዙን ወደ ሥር አጥፈው በፕላስተር ይለጥፉ። በመኪናውና በሙሻማው መካከል ያለውን ስንጥቅም በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። አንድ ሚሊ ሜትር ከፍታ እንኳ የኩዊልቱን ስፌት ጠርዝ ይይዛል፤ ዓይንዎን ጨፍነው መዳፍዎን ሲያሳልፉበት ካልተሰማዎት በቃ፣ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ መኪናዬን ካዞርኩ ወዲህ የላይኛው ፊት ያምራል፤ ስገለብጠው ግን በየኩርባው ላይ የዓይን ሽፋሽፍት የሚመስል የክር ዘለላ ይታያል። ቀጥታ መስመሩ ላይ የለም። መኪናው ተበላሽቶ ነው?
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ መኪናው ደህና ነው። ቀጥታው ላይ ጠፍቶ ኩርባው ላይ ብቻ ከታየ፣ ኩርባው ላይ እጅዎ ፈጥኗል ማለት ነው። ሁላችንም ኩርባ ላይ እጃችን ይፈጥናል፤ እግራችን ደግሞ ፔዳሉን ቀለል ያደርገዋል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው።

ሂሳቡን ይመልከቱ። መኪናው በደቂቃ 600 ጊዜ ቢወጋ በሴኮንድ 10 ጊዜ ነው። ስፌቱ 2.5 ሚሊ ሜትር እንዲሆን እጅዎ በሴኮንድ 2.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ መሄድ አለበት፤ አንድ የአውራ ጣት ወርድ ገደማ ነው። ኩርባ ላይ ያንኑ በሁለት እጥፍ ሲፈጥኑ ስፌቱ 5 ሚሊ ሜትር ይሆንና መርፌው ጨርቁ ውስጥ እያለ ይጎተታል፣ ይታጠፋል። ሥር ያለው መንጠቆ የሚጠብቀው የክር ቀለበት ቦታውን ይስታል፤ የላይኛው ክርም በጊዜው ተጎትቶ ስለማይመለስ ከሥር ተዘርግቶ ይቀራል። ሽፋሽፍቱ እሱ ነው። ሲብስ መርፌው ብረቱን ይነካና «ጭክ» የሚል ድምፅ ይሰማሉ፤ ያን ከሰሙ ወዲያው አቁመው መርፌውን ይለውጡ፤ ጫፉ ደንዝዟል።

ከማዞሩ በፊት ለምን አልታየም ለሚለው ደግሞ፣ የቤት መኪና የተሠራው ጨርቅ ከሰፊዋ ወደ ወዲያ እንዲሄድ ነው፤ ክሩ በመርፌው ዓይን የሚያልፈውም ለዚያ ተስማምቶ ነው። መኪናው ሲዞር ያ ምቹ አቅጣጫ ወደ ጎን ይሆናል፤ እጅዎ ግን በድሮው ልማድ ይሄዳል። ስለዚህ በ35 በ35 ሴንቲ ሜትር ሙከራ ላይ ከመሃል ተነስተው እንደ ኮከብ በስምንት አቅጣጫ ይስፉና ይገልብጡት። የትኛው ጨረር ላይ ክሩ እንደሚላላ ያያሉ። በዚያ አቅጣጫ ላይ እጅዎን ያዘግዩ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የላይኛውን ክር ማጥበቂያ በግማሽ ቁጥር ይጨምሩ። መጀመሪያ ማጥበቂያውን የሚነካ ሰው ሽፋሽፍቱን ያጠፋና በምትኩ የሥሩን ክር ወደ ላይ ያወጣዋል።

ሌላም በተዞረ መኪና ላይ ብቻ የሚመጣ ጣጣ አለ። የክሩ መንገድ በቀኝዎ ስለሆነ፣ በዚያ በኩል የቆለሉት ጨርቅ ከፍ ካለ ክሩን ይታከከዋል። ምክንያቱ የማይታወቅ የክር መበጠስ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። የቀኙን ክምር ዝቅ ያድርጉት።

መርፌው 90/14 ቶፕስቲች ይሁን፤ ዓይኑ ረዘም ስለሚል ክር አይልግም። ከሥር ደግሞ እንደ ክር ጎጆ የተጠቀለለ ትልቅ ጉብታ ካዩ ሽፋሽፍት አይደለም፤ እግሩን ሳያወርዱ ሰፍተዋል። እግሩ ካልወረደ የክር ማጥበቂያው አይይዝም። የፍሪ ሞሽን እግር ጨርቁን ስለማይጫን ወርዷል አልወረደም የሚለው አይለይም፤ ማንሻውን በእጅ ነክተው ያረጋግጡ። ሲጀምሩም አንዴ ወግተው የቦቢኑን ክር ወደ ላይ ያውጡና ሁለቱንም ጫፍ ይዘው ይነሱ።

ጥያቄ፦ ከመኪናው ሥር የበር ማቆሚያ ጎማ አስገብቶ ማዘንበል ይረዳል የሚሉ አሉ። እውነት ነው?
ከነታንያ

መልስ፦ እውነት ነው፤ በተለይ ሳያዞሩ ለሚሰፉ። ሁለት የጎማ ሽብልቅ ከኋላ ጠርዝ ሥር ይገባሉ፤ ኋላው በ2.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል መኪናው ወደ እርስዎ 8 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል። መርፌው ያለ ጉንብስ ይታያል፤ አንገት ያርፋል። ከዚያ በላይ አያንሱት፤ ኩዊልቱ ወደ ጭንዎ መንሸራተት ይጀምራል። ጎማው የማይንሸራተት መሆኑን፣ አራቱም የመኪናው እግሮች አንድም ሳይወዛወዝ መርገጣቸውን በእጅ ገፍተው ይፈትሹ። ጠረጴዛ ውስጥ የሰመጠ ወይም በፎም የተከበበ መኪና ላይ ግን አይሠራም፤ ወለሉ ሰያፍ ሆኖ አንዱ ጠርዝ ይወጣል። ከማዘንበልና ከእኩል ወለል አንዱን መምረጥ ካለብዎት፣ ለትልቅ ኩዊልት እኩል ወለሉን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ያለኝ ከአያቴ የወረስኩት ጥቁር ሲንጀር፣ በእግር የሚረገጥ መኪና ነው። ለሕፃን የሚሆን ኩዊልት ልሰፋበት አስቤ ነበር፤ መዞር ግን አይችልም። ልተወው?
ከአዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ

መልስ፦ አይተዉት! ሌሎቹ አንባቢዎቻችን ፎም ቆርጠው የሚያመጡትን ነገር የእርስዎ መኪና ሲወለድ ይዞት መጥቷል፤ ወለሉ ከጠረጴዛው እኩል ነው። ማዞሪያ ቀበቶው ከሥር ካለው መንኮራኩር ጋር ስለሚያያዘው መኪናውን ማዞር አይሆንም፤ ለሕፃን ኩዊልት ግን አያስፈልግዎትም። 90 በ110 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ብብቱ ውስጥ የሚገባው ግማሹ 45 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይልቅ ራስዎን ያዙሩ፤ ወንበሩን ከመርፌው ትይዩ ወደ ግራ ገፋ አድርገው ሰውነትዎን ትንሽ ወደ ቀኝ ያዙሩ። በግራ በኩል ሌላ ጠረጴዛ በእኩል ከፍታ ያስጠጉ።

ጥርሶቹን ማውረጃ መኖሩ በሞዴሉ ይወሰናል። 15-88 ካለዎት ማውረጃ አለው። በቆዩት 66 ላይ የለም፤ እዚያ ላይ የስፌት ርዝመቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ ያድርጉና ጥርሶቹን ቀዳዳ ባለው ስስ ፕላስቲክ ካርድ ሸፍነው ዳር ዳሩን በፕላስተር ይያዙት። ቀዳዳው ከመርፌው ቀዳዳ ጋር ልክ መግጠሙን ጎማውን በእጅ አዙረው ይዩ። የፍሪ ሞሽን እግር ሲገዙም የእግሩ ማሰሪያ ብሎን የት እንዳለ ይመልከቱ፤ አብዛኛዎቹ ከጎን ያስራሉ፤ አንዳንድ የቆዩ 66 ግን ከኋላ ስለሚያስሩ የጎን እግር አይገባላቸውም። ያለ እግር ባዶ መርፌ አይስፉ፤ ጨርቁ ከመርፌው ጋር ወደ ላይ ይነሳና ስፌት ይዘላል፣ ጣትም ይወጋል።

ለላይና ለገበር የታጠበ አቡጀዲ ይሆናል፤ ሳይታጠብ ከሰፉት በኋላ ይሸበሸባል። ጋቢ በዚህ መንገድ ለመስፋት ካሰቡ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ አራት ድርብ ስለሆነ ድርቦቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይንሸራተታሉ፣ ላላ ያለው ሽመናም የእግሩን ጫፍ ይይዛል። በየመዳፉ ርቀት በመርፌ ቁልፍ ይያዙት፤ መጀመሪያም በቁራጭ ይሞክሩት።

የእግር መርገጫው ሌላ ጸጋ አለው፦ ፍጥነቱ ከእግርዎ ጋር ስለሚሄድ እጅና እግር ቶሎ ይስማማሉ። ሲነሱ ብቻ ጎማውን በእጅ ወደ እርስዎ ያዙሩት፤ ወደኋላ ከዞረ ክሩ ሥር ተጠምጥሞ ይበጠሳል። ከመጀመርዎ በፊት ክር ሳያስገቡ፣ የመኪናውን እግር አንስተው ለአሥር ደቂቃ ዝም ብለው ይርገጡ፤ በቆሙና በተነሱ ቁጥር ጎማው ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ብቻ መዞር ሲጀምር ክሩን ያስገቡ።